ትሮን ወይስ «አፍተርማዝ»? ከ«ስታር ዋርስ» ልብ ወለዶች የትኛውን ልግዛ ለምትሉ

እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው «አሶካ» የተሰኘው ተከታታይ ድራማ በ«ስታር ዋርስ» የጠፈር ታሪክ ውስጥ የክፉው ኢምፓየር የጦር አዛዥ የሆነውን ግራንድ አድሚራል ትሮንን በላርስ ሚከልሰን ተዋናይነት ካቀረበ ወዲህ፣ «ይህን ሰው በመጽሐፍ ላግኘው ብል የትኛውን ልግዛ?» የሚሉኝ ወዳጆቼ በዝተዋል። ከእነርሱ አንዱ «የመጀመሪያ እትም» ተብሎ በኢንተርኔት የተሸጠለትን ባለ ጠንካራ ሽፋን መጽሐፍ ከአሜሪካ በሚመጣ ዘመዱ ሻንጣ አስመጥቶ ሲገልጠው፣ በእጁ የገባው ለመጽሐፍ ክበብ አባላት በርካሽ የታተመ ቅጂ ነበር። ስለዚህ መልሴን ለእያንዳንዱ ሰው ከመደጋገም በጽሑፍ ማስቀመጡን መርጫለሁ።

የማነጻጽራቸው ሁለት ባለ ሦስት ቅጽ ሥራዎችን ነው። አንደኛው የቲሞቲ ዛን ሲሆን፣ «ኤር ቱ ዚ ኢምፓየር» በ1991፣ «ዳርክ ፎርስ ራይዚንግ» በ1992፣ «ዘ ላስት ኮማንድ» ደግሞ በ1993 ታትመዋል። ሁለተኛው የቸክ ዌንዲግ ነው፤ «አፍተርማዝ» በ2015፣ «ላይፍ ዴት» በ2016፣ «ኢምፓየርስ ኤንድ» በ2017 ወጥተዋል። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሁለቱም በ1983ቱ «ሪተርን ኦፍ ዘ ጄዳይ» ፊልም መጨረሻ የኢምፓየሩ ንጉሠ ነገሥት ከወደቀ በኋላ ምን ሆነ የሚለውን ይተርካሉ፤ የአንዱ ታሪክ እውነት ከሆነ ግን የሌላው ሊሆን አይችልም። ገንዘብ የማወጣው በዛን ሥራ ላይ ነው፤ የዌንዲግን ተውሼ ባነበው ይበቃኛል።

ከመግዛታቸው በፊት የአንባቢ አስተያየት የሚያገላብጡ ሰዎች «አፍተርማዝ»ን በአንድ ኮከብ ተሞልቶ ሲያገኙት ይደነግጣሉ። ያ ቁጣ ከየት እንደመጣ ማወቅ ያስፈልጋል። ዲዝኒ ሉካስፊልምን በ2012 ከገዛ በኋላ፣ ኩባንያው በኤፕሪል 2014 እስከዚያ ድረስ የታተሙትን ልብ ወለዶች «ሌጀንድስ» በሚል ስም ለይቶ፣ ወደፊት የሚሠሩት ፊልሞች ለእነርሱ እንደማይገዙ አስታወቀ። ከሃያ ዓመት በላይ መጽሐፍ በመጽሐፍ ሲከታተል ለኖረ አንባቢ ይህ መደርደሪያውን በአንድ ሌሊት እንደ መሰረዝ ነበር፤ ገንዘብ አዋጥተው በሳን ፍራንሲስኮ የማስታወቂያ ሰሌዳ እስከ መከራየት የደረሱም ነበሩ። «አፍተርማዝ» በሴፕቴምበር 2015 ለገበያ ሲቀርብ፣ ከንጉሠ ነገሥቱ ውድቀት በኋላ ያለውን ዘመን እንደ አዲስ ሊጽፍ የመጣ መጽሐፍ ሆኖ በዚህ ቂም መሐል ወደቀ። ሌሎች ደግሞ የተመሳሳይ ፆታ ፍቅር ያላቸው ገጸ ባሕርያት መኖራቸውን ተቃውመው ያንኑ አንድ ኮከብ ሰጡ። ገዢ ሆኜ ሳስበው ከእነዚህ አስተያየቶች አብዛኞቹ ስለ መጽሐፉ ጥራት የሚነግሩኝ ነገር የለም፤ ቁጣው ባለበት ሁሉ መጽሐፉ በኒው ዮርክ ታይምስ የሽያጭ ሰንጠረዥ ውስጥ ከመግባት አልታገደም።

ይሁን እንጂ ከቁጣው ሥር አንድ እውነተኛ ቅሬታ አለ፤ እርሱም የአጻጻፉ ነገር ነው። ዌንዲግ ትረካውን በሙሉ በአሁን ጊዜ ግሥ ይጽፋል፤ ዓረፍተ ነገሮቹን ይቆራርጣል፤ አንዳንዴም አንድ ቃል ብቻውን አቁሞ ነጥብ ያሳርፍበታል። በየምዕራፉ መካከል ደግሞ ከዋናው ታሪክ ጋር ያልተያያዙ፣ ከአንዱ ፕላኔት ወደ ሌላው የሚዘሉ አጫጭር ትርኢቶች ይሰነቅራል። እንግሊዝኛን ከትምህርት ቤት ለተማርን አንባቢዎች ይህ ከባድ ነው፤ የተቆራረጠው ንግግርና የአራዳ አነጋገሩ ከታሪኩ በላይ ያደክማል። በዚያ ላይ ሽፋኑ ወደ አዲሱ ፊልም («ዘ ፎርስ አወክንስ») የሚወስድ ጉዞ ነው እያለ፣ የፊልሞቹ ዋና ጀግኖች ሉክ፣ ሃን እና ሌያ በመጀመሪያው ቅጽ ውስጥ እምብዛም አይገኙም። በምትካቸው የምናገኛቸው አብራሪዋ ኖራ ዌክስሊ፣ ልጇ ቴሚን፣ የቀድሞው የኢምፓየር መኮንን ሲንጂር እና ሚስተር ቦንስ የሚባለው ቀውስ ሮቦት ናቸው። ሲንጂር በእውነት የተዋጣለት ገጸ ባሕርይ ነው፤ በጃኩ ፕላኔት የተደረገውን ጦርነት የሚተርከው ሦስተኛው ቅጽም ከመጀመሪያው እጅግ ይሻላል፤ እዚያ ለመድረስ ግን ሁለት መጻሕፍት መታገሥ ያስፈልጋል።

ዛን በተቃራኒው ቀጥ አድርጎ ይተርካል። ትሮን ጠላቱን ለማሸነፍ መጀመሪያ የዚያን ሕዝብ ሥነ ጥበብ ያጠናል፤ በጨለማ ክፍል ውስጥ በተደረደሩ የሥዕልና የቅርጻ ቅርጽ ምስሎች መካከል ተቀምጦ፣ እነዚህን የሠራ ሕዝብ በውጊያ ላይ የትኛውን ነገር ማየት እንደሚሳነው ያሰላል። የትሮን ማስፈራት ከጉልበት ሳይሆን ከማስተዋል የሚመጣ ስለሆነ፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ አልፎም በቴሌቪዥን ሊመለስ ችሏል። በኋላ በፊልሞቹ ያየናት የኮረሳንት ከተማም ስሟን ያገኘችው ከዚሁ መጽሐፍ ነው። እንከን የለውም አልልም፤ ስለ ክሎኖች (ከሌላ ሰው ተገልብጠው ስለተፈጠሩ ሰዎች) ጦርነት የሚለው ነገር በኋላ ከወጡት ፊልሞች ጋር አይገጥምም፤ በሦስተኛው ቅጽ የሚመጣው «ሉውክ» የሚባል የሉክ ግልባጭ ደግሞ የዛን ወዳጆች እንኳ የሚሳሳቁበት ነው። «ከኦፊሴላዊው ታሪክ ውጭ የሆነ መጽሐፍ ገዝቼ ምን ይረባኛል?» ለሚል ሰው ግን፣ ልብ ወለድ የሚገዛው ለማንበብ እንጂ ለማስረጃ አይደለም ከማለት ሌላ መልስ የለኝም።

ወደ ዋጋው ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል። በአሜሪካ የኪስ መጠን ያለው ስስ ሽፋን አዲስ ቅጂ 10 ዶላር ገደማ ይሸጥ ነበር። ከ2021 ጀምሮ «ሌጀንድስ»ን እንደገና በማሳተም የወጣው ሰፋ ያለ ስስ ሽፋን ከዚያ እጥፍ ይጠጋል። «አፍተርማዝ» በጠንካራ ሽፋን ሲወጣ 28 ዶላር ተለጥፎበት ነበር፤ ዛሬ በአሮጌ መጽሐፍ መሸጫዎች ርካሽ ሆኖ ስለሚገኝ ማንም በሙሉ ዋጋ እንዳይገዛው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. (ይህ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) የምንዛሪው ሥርዓት ተለውጦ አንድ ዶላር ከ100 ብር በላይ ከሆነ ወዲህ፣ አዲስ አበባ ላለ አንባቢ ሦስቱን ሰፋፊ የዛን ቅጾች ማስመጣት ከ5,000 ብር በላይ ያስወጣል፤ ያውም መጽሐፉ በዘመድ ሻንጣ በነጻ ከመጣ ነው። ይህን ያህል ማውጣት ካልቻላችሁ የመጀመሪያውን ቅጽ ብቻ ግዙ፤ ሁለተኛውን ሳትፈልጉ ከቀራችሁ ኪሳራው የአንድ መጽሐፍ ነው። አሜሪካ የምትኖሩ ግን ከመግዛታችሁ በፊት የሰፈራችሁን ቤተ መጻሕፍት ጠይቁ፤ የ«ስታር ዋርስ» መጻሕፍት በወረቀትም በስልክም በነጻ ይገኛሉ፤ «አፍተርማዝ» በተለይ ለውሰት የተፈጠረ ነው።

በዘጠናዎቹ የታተመው የኪስ ቅጂ በዋጋው ያማልላል፤ እኔ ግን አልመክረውም። የጀርባው ማጣበቂያ በዕድሜ ደርቆ ስለሚሰነጠቅ፣ መሐል ላይ ገልጣችሁ ስትጫኑት ገጾቹ በእፍኝ ይወጣሉ። በኮላ ለጥፌ ላድነው ብዬ ሞክሬአለሁ፤ ኮላው ወደ ውስጥ ሰርጎ አጎራባች ገጾችን አጣበቀብኝ። ከዚያ ወደ ጠራዥ ወሰድኩት፤ ጠራዡ ጀርባውን ወግቶ ሲሰፋውና ጠርዙን ሲከረክመው፣ ያው ጠባብ የነበረው የውስጥ ኅዳግ በስፌቱ ተበልቶ የየመስመሩ የመጨረሻ ፊደሎች እጥፋቱ ውስጥ ገቡ። የመጠረዣው ክፍያ ሲደመር ደግሞ ርካሽ መሆኑ ቀረ።

ከዚህ የከፋው ተባዝቶ የሚሸጠው ኮፒ ነው። ሽፋኑን ከሩቅ ስታዩት ኦሪጅናል ይመስላል፤ ቀረብ ስትሉ የርእሱ ፊደላት ጠርዝ ይደበዝዛል፤ ውስጡ ያለው ቀለም ከጥቁር ይልቅ ወደ ግራጫ ያደላል፤ አንዳንድ ገጽ ላይ የገጹ ቁጥር በግማሽ ተቆርጧል። ከመክፈላችሁ በፊት የመጨረሻዎቹን ገጾች ቁጠሩ፤ የሚጎድለው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። «የመጀመሪያ እትም» የሚባለውን ባለ ጠንካራ ሽፋን ለመለየት ደግሞ የመጠቅለያውን ወረቀት የውስጥ እጥፋት ተመልከቱ፤ በመደብር የተሸጠው ዋጋው እዚያ ታትሞበታል፤ የመጽሐፍ ክበቡ ቅጂ ዋጋ የለውም፤ ብዙውን ጊዜም የክበብ እትም መሆኑን ከታች በትንሹ ይናገራል። ለማንበብ ይበቃል፤ የሰብሳቢ ዋጋ ሊጠየቅበት ግን አይገባም። ለጠንካራ ሽፋን መክፈል የሚፈልግ ሰው በ2011 የወጣውን የሃያኛ ዓመት እትም ይፈልግ፤ ዛን ራሱ በገጹ ኅዳግ ላይ የጻፋቸው ማስታወሻዎችና አንድ ተጨማሪ አጭር ልብ ወለድ አሉበት።

ሻጮችም ገዢዎችም የሚምታታባቸው ሌላ ነገር፣ በዛን የተጻፉ ሦስት የተለያዩ ባለ ሦስት ቅጽ የትሮን ተከታታዮች መኖራቸው ነው። ከ1991 እስከ 1993 የወጣው የመጀመሪያው ነው። ከ2017 እስከ 2019 የወጣው የአዲሱ ኦፊሴላዊ ታሪክ አካል ሲሆን፣ የመጀመሪያው ቅጽ ርእሱ «ትሮን» ብቻ ነው። በ2020 እና በ2021 የወጣው ደግሞ ስለ ትሮን የትውልድ ሕዝብ የሚተርከው «አሰንደንሲ» ነው። «የትሮን ሦስት ቅጾች» ብላችሁ ብቻ ካዘዛችሁ ከሦስቱ የትኛው እንደሚመጣ ዋስትና የለም፤ የእያንዳንዱን መጽሐፍ ርእስ ለይታችሁ ጻፉ። ድራማውን አይተው ከዚያው ታሪክ መውጣት ለማይፈልጉ የ2017ቱ «ትሮን» ብቻውን ጥሩ ግዢ ነው፤ ተከታዮቹ ሁለቱ ግን የእርሱን ያህል አይደሉም።

በጆሮ ማዳመጥ ለሚመርጡ፣ የ«ኤር ቱ ዚ ኢምፓየር»ም የ«አፍተርማዝ»ም ሙሉ ንባብ በማርክ ቶምፕሰን ድምፅ አለ፤ የዌንዲግ የተቆራረጠ አጻጻፍ በዚህ ሰው አንደበት ሲነበብ ከወረቀቱ ይልቅ ይጥማል። በዘጠናዎቹ በካሴት የወጡት የዛን ንባቦች ግን አጥረው የተዘጋጁ ስለሆኑ በርካሽ ቢገኙም አትግዟቸው።

ከአዲሶቹ መጻሕፍት አንድ በሙሉ ዋጋ ልግዛ ከተባለ ደግሞ የክላውዲያ ግሬይን «ሎስት ስታርስ» ያዙ። እርሱም በ2015 ለወጣቶች ተብሎ ወጣ፤ ከአንድ ፕላኔት የመጡ ሁለት አብሮ አደጎች አንዳቸው ከኢምፓየሩ፣ አንዳቸው ከዐማፅያኑ ጋር ሲቆሙ በአንድ ጥራዝ ተጀምሮ እዚያው ያልቃል፤ ሁለተኛና ሦስተኛ ቅጽ ፍለጋም አያስኬዳችሁም።