ያገለገለ ሞተርሆም፦ ቫኑ ይሻላል ወይስ ባለ ቤቱ?

ያገለገለ ሞተርሆም (እየነዱ የሚሄዱበት፣ ውስጡ የሚታደርበት መኪና) ስትፈልጉ በብዛት የሚያጋጥማችሁ ሁለት ዓይነት ነው፣ አንዱ እንደ ፊያት ዱካቶ ወይ ፎርድ ትራንዚት ያለ ቫን ሆኖ ውስጡ አልጋና ማብሰያ የተሰራለት፣ ሌላው ደግሞ ጋቢናውና ሻንሲው የነዚሁ መኪኖች ሆኖ ከኋላው ለብቻ የተሰራ ቤት የተጫነበት፣ ባለ ቤት የምለው ይሄኛውን ነው።

ለኑሮው ከሆነ ባለ ቤቱ ይበልጣል፣ ሰፊ ነው፣ ሻወር ውስጥ እንደልብ ትዞራላችሁ፣ ከጋቢናው በላይ አልጋ ያለው ከሆነማ ለልጆች አሪፍ ነው። ቫኑ ይጠባል ግን መንዳቱም ማቆሙም ቀላል ነው፣ ነዳጅም ይቆጥባል።

ዕድሜያቸው ሲገፋ ግን ቫኑ ይሻላል ባይ ነኝ። አካሉ ፋብሪካ የተበየደ ላሜራ ስለሆነ ውሃ የሚገባበት ቀዳዳ ትንሽ ነው፣ ችግሩ ዝገት ነው እሱን ደግሞ ስሩ ገብታችሁ በባትሪ ስታበሩበት ታዩታላችሁ። ባለ ቤቱ ግን ጣሪያና ግድግዳው የተገጣጠመ ነው፣ መጋጠሚያው ላይ ያለው ማሸጊያ ሲደርቅ ውሃ ቀስ እያለ ይገባል፣ አሮጌዎቹ ደግሞ ብዙዎቹ ውስጣቸው እንጨት ስለሆነ ከውጭ ምንም ሳይመስል ውስጥ ውስጡን ይበሰብሳል። ቁምሳጥኑን ከፍታችሁ ጥግ ጥጉን፣ ከመስኮት ስር፣ ከጣሪያ መስኮቱ ዙሪያ በአውራ ጣት ጫን ጫን አድርጉት። ከለሰለሰ ወይም ወለሉ ስትረግጡት ከሰረገደ ዋጋ ቀንስልኝ እያላችሁ አትከራከሩ፣ ተዉት በቃ፣ ጥገናው ግድግዳ እስከማፍረስ ሊደርስ ይችላል። በእርጥበት መለኪያ ቢታይ ደግሞ የበለጠ ነው።

ክብደቱንም እዩ። ብዙዎቹ ከነጭነታቸው የተፈቀደላቸው 3500 ኪሎ ነው፣ ባለ ቤቱ ባዶውን ራሱ ከባድ ስለሆነ 100 ሊትር ውሃ (ያው 100 ኪሎ ነው) እና አራት ሰው ሲገባበት ቶሎ ይሞላል።

ስለዚህ ለሁለት ሰው ቫኑን፣ ቤተሰብ ከሆናችሁ ደረቅነቱ የተረጋገጠ ባለ ቤት እላለሁ።

ሁለቱም ላይ ግን ትንሽ ኪሎ ሜትር አያታልላችሁ፣ ሞተርሆም ቆሞ ነው የሚበላሸው፣ ፍሬኑ ይነክሳል፣ ባትሪው ይሞታል፣ የታይሚንግ ቺንጋውም (የሞተሩን ክፍሎች አቀናጅቶ የሚያዞረው ቀበቶ) ባይነዳም ዕድሜ አለው። የጎማው ጥርስ አዲስ ቢመስልም ጎኑ ላይ ያለውን ባለ 4 አሃዝ ቁጥር አንብቡ፣ 2314 ካለ በ2014 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው፣ እንደዛ ያረጀ ከሆነ የአዲስ ጎማ ዋጋ ከሂሳቡ ላይ ይቀነስ በሉ።