ደብረ ብርሃን ላይ ጃክ ሐመር ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ይህን የምጽፈው በሰሜን ሸዋ በቤት እድሳትና በግንባታ ሥራ ለምትተዳደሩ ሁሉ ነው። ባለፈው ወር ደብረ ብርሃን ካለ አንድ የዕቃ መሸጫ በ24,000 ብር የገዛሁት የኤሌክትሪክ ኮንክሪት መስበሪያ፣ ሁላችንም ጃክ ሐመር የምንለው፣ በአምስተኛው ቀን ተቃጠለ። ገንዘቡ አሞኛል። ከገንዘቡ ይልቅ እንቅልፍ የነሳኝ ግን ማሽኑ ከመቃጠሉ በፊት የያዘውን ልጅ በኤሌክትሪክ መምታቱ ነው። ልጁ ተርፏል፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ እጁም ደህና ነው።

የማሽኑ ጽሑፍ 2,200 ዋት፣ 220 ቮልት ይላል። ከጎኑ በካሬ ውስጥ ካሬ ያለበት ምልክት ታትሟል። ይህ ምልክት ድርብ መከላከያ አለው ማለት ነው፤ አንዱ ሽፋን ቢበላሽ ሌላው ሠራተኛውን ይጠብቀዋል። እንዲህ ያለ ማሽን የመሬት ሽቦ የማይኖረውም ለዚህ ነው። ምልክቱን አምነን ያዝነው።

ሲቃጠል ወደ ሱቁ መለስኩት። ሻጩ ሳይከፍተው፣ ዘወር አድርጎ እንኳ ሳያየው፣ “አጠቃቀም ባለማወቃችሁ ነው ያቃጠላችሁት” አለኝ። ወገኖቼ፣ ይህን መልስ እናንተም ትሰሙታላችሁና አሁኑኑ ተዘጋጁለት። ሐሰተኛ ዕቃ የሚሸጥ ሰው የሚሸሸገው በእኛ አለማወቅ ውስጥ ነው። ማሽኑ እንዴት እንደሚያዝ ጠንቅቆ የሚያውቅን ሰው እንዲህ ብሎ መመለስ ግን ይከብደዋል።

ሞተር የሚጠቀልሉ አንድ አዛውንት ዘንድ ወስጄ አስፈታሁት። ሽቦውን በምላጭ ፋቅ ሲያደርጉት ከመዳብ መልኩ ሥር ነጭ አሉሚኒየም ብቅ አለ። “ልጄ፣ መዳብ ብለው የሸጡልህ ቀለሙን ነው” አሉኝ። አሉሚኒየም ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ከመዳብ 60 በመቶ ገደማ ስለሆነ፣ በእኩል ውፍረት እኩል ጭነት ሲሸከም ይበልጥ ይግላል። ከዚህም የከፋውን ቀጥለው አሳዩኝ። ከማብሪያው የሚወጣው ሽቦ ልባሱ ተልጦ የእጀታውን ብረት ነክቷል። በመካከላቸው ሊኖር የሚገባው ሁለተኛ መከላከያ ጨርሶ አልተሠራም። ያ የካሬ ምልክት ውሸት ነበር፤ ልጁን የመታውም ይህ ውሸት ነው።

የእኛን ጥፋት ደግሞ አልደብቅም። ማራዘሚያ ገመዳችን ቀጭን፣ 0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር ነበር። 2,200 ዋት በ220 ቮልት 10 አምፔር ይስባል። በዚህ ገመድ 30 ሜትር ርቀት ላይ 14 ቮልት ያህል መንገድ ላይ ይቀራል፣ ገመዱም ይግላል። በ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ ግን የሚጠፋው 4 ቮልት ብቻ ነው። መብራቱ ራሱ በሚዋዥቅበት ሰፈር ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ገመዱ በመጠቅለያው ላይ እንደተጠመጠመ አይሠራበት፤ ሙሉ በሙሉ ይዘርጋ።

ስለ አገራችን አየር ሻጩ አይነግራችሁም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የኤሌክትሪክ ሞተሮች አቅም ደግሞ በአብዛኛው የሚለካው እስከ 1,000 ሜትር ላለ ከፍታ ነው። አየሩ ሲሳሳ ሞተሩን የማቀዝቀዝ አቅሙም ይቀንሳል። ስለዚህ ቆላ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ያለ ሰው ሙቀቱን ሲፈራ፣ እኛ ብርዱን ተማምነን ማሽኑን ያለ ዕረፍት ማሠራታችን ስሕተት ነው። ውርጭ ባደረበት ጠዋት ደግሞ ግራሶው ስለሚጠጥር ሞተሩ እየዞረ መምቻው ላይመታ ይችላል። ያን ጊዜ መጫን ወይም በመዶሻ መምታት አይገባም። አምስት ደቂቃ ያህል ያለ ጭነት ይዙርና ይሙቅ። ከሞቀ በኋላ ግን ኮንክሪት ሳይነካ በባዶ እንዲመታ አታድርጉት።

በሥራ ላይ ክብደቱ ራሱ ይበቃዋል። ጉልበት ጨምሮ መጫን ሥራውን አያፈጥነውም፤ መሮው ፌሮ ላይ ከተነከሰም አጥፍቶ ማላቀቅ እንጂ ማሽኑን እንደ ዲጅኖ ወደ ጎን መጎተት አይገባም። የማቀዝቀዣ ቀዳዳዎቹ በየማታው ከአቧራ ይጽዱ። ለሚዞረው የሞተር ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያቀብለው ካርቦን ተበልቶ መለያ መስመሩ ላይ ሲደርስ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይቀየሩ። ጥቃቅን ብልጭታ የተለመደ ነው፤ እሳቱ ዙሪያውን እንደ ቀለበት ከከበበ ግን ወዲያውኑ አቁሙ።

ከግድግዳው ውስጥ ያለ ሽቦ እንዳይነካ የዚያ ክፍል ብሬከር አስቀድሞ ይጥፋ። ማሽኑ የሚሰካበት መስመር ላይም ኤሌክትሪክ ከመስመሩ ወጥቶ በሰው በኩል ወደ መሬት ሲፈስ፣ በ30 ሚሊ አምፔር ፍሳሽ የሚቆርጥ ብሬከር አስገቡ። ተራው ባለ 16 አምፔር ብሬከር ሰው ሲያዝ አይቆርጥም፤ የተሠራው ሽቦውን ከቃጠሎ ለመጠበቅ ነው። የኮንክሪት አቧራ ሳንባ የሚያቆስል ሲሊካ ስላለበት የጋቢ ጫፍ አፍ ላይ ማሰር አይበቃም፤ ትክክለኛ ጭምብል ይደረግ። መነጽርና የጆሮ መከላከያም እንዲሁ። ንዝረትና ብርድ ሲገናኙ ጣት ይነጣል፣ ይደነዝዛል። ጓንት ያስፈልጋል፣ ሠራተኞቹም ቶሎ ቶሎ ይቀያየሩ።

አሁን ወደ ሱቁ እንመለስ። ከመክፈላችሁ በፊት ማሽኑ እዚያው ይሰካ። አሥር ደቂቃ ይዙር፤ ሽታውን አሽትቱ፣ ብልጭታውን ተመልከቱ። ነቅላችሁ የካርቦኑን ክዳን በካቻቢቴ አስከፍቱ። መለዋወጫ ካርቦኑ እዚያው ሱቅ መኖሩንም ጠይቁ። ሻጩ “ማሸጊያው ከተነካ አይሸጥልኝም” ካለ ጥላችሁ ውጡ።

እኔን ያሰረኝ ግን ደረሰኝ ነው። “ያለ ደረሰኝ ልቀንስልህ” ሲለኝ 1,500 ብር አተረፍኩ ብዬ ተስማማሁ። አዋጅ ቁጥር 813/2006 የሸማቹን መብት ያስከብራል፤ ሆኖም ወደ ንግድ ጽሕፈት ቤቱ ስሄድ ዕቃው ከዚያ ሱቅ መገዛቱን የማሳይበት ወረቀት አልነበረኝም። ደረሰኙ ላይ የዕቃው ዓይነትና የማሽኑ መለያ ቁጥር ይጻፍ፤ ዋስትና አለ ከተባላችሁም ቀኑ በወረቀት ይስፈር።

በቅርቡ ደረሰኝ ሳትቀበሉ እንዲህ ያለ ማሽን የገዛችሁ ካላችሁ ነገ ጠዋት ለሠራተኛ አታስይዙት። ስፒናውን ንቀሉና መጀመሪያ ባለሙያ ዘንድ ወስዳችሁ እጀታውን አስፈቱት።