ቼክ ኢንጂን ሲበራ መጀመሪያ የማነሳት መሣሪያ፦ የብሉቱዝ ስካነር ከሁለት ዓመት በኋላ

ነገሩ ወዲህ ነው። መኪናዬን ራሴ መጠገን እወዳለሁ። ዘይቱን፣ ካንዴላውን፣ የፍሬን ሸራውን በእጄ ነው የምቀይረው። ታዲያ ሰዎች "የዛሬ መኪና ኮምፒውተር ነው፣ ባትነካካው ይሻልሃል" ሲሉኝ ይከፋኛል። ኮምፒውተር መሆኑስ እውነት ነው። ግን ኮምፒውተሩ ያየውን ይመዘግባል፣ ሲጠይቁት ደግሞ ይናገራል። ካርቡሬተር የነበረው መኪና ሲታመም በጆሮና በአፍንጫ ነበር የምንገምተው። አሁን ግን ለመጠየቅ አንዲት ትንሽ መሣሪያ ትበቃለች፤ ከስልክ ጋር በብሉቱዝ የምትገናኝ የኦቢዲ ስካነር (ኦቢዲ ማለት መኪናው ራሱን የሚመረምርበት ሥርዓት ነው)። ሁለት ዓመት ሠራሁባት፣ ስለዚህ ያየሁትን ልንገራችሁ።

መሣሪያዋ የክብሪት ቀፎ ብታክል ነው። ከመሪው ሥር፣ ጉልበት አካባቢ፣ በሁለት ረድፍ ስምንት ስምንት ሆነው የተደረደሩ 16 ቀዳዳዎች ያሉት ሶኬት አለ። እዚያ ትሰካለች። መኪናውን ለዓመታት ነድቶ ይህን ሶኬት አይቶት የማያውቅ ሰው ብዙ ነው። አሜሪካ ከ1996 ሞዴል ጀምሮ ለቤት መኪኖች ግዴታ አደረገችው፣ አውሮፓ ለቤንዚን መኪና በ2001፣ ለናፍጣ ደግሞ በ2004 ተከተለች (ዓመቶቹ በፈረንጆች ነው)። ቁልፉን አዙራችሁ መሣሪያዋን ከስልኩ ጋር ካገናኛችሁ በኋላ አፑ ኮምፒውተሩ የመዘገባቸውን የብልሽት ኮዶች ያወጣላችኋል። በቃ፣ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። አንድ ሰሞን መኪናዬ ቆማ እያለች ትንቀጠቀጥ ጀመር። ነዳጅ ስሰጣት ደህና ናት፣ እግሬን ሳነሳ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይሰጡት ሞተሩ የሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር) ይወርዳል፣ መሪው እጄ ላይ ይርገበገባል። የቼክ ኢንጂን መብራቱም በራ። ጊዜ ስላልነበረኝ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት፣ እዚያ ኮዱን አነበቡና ወዲያው "ኦክስጅን ሴንሰሩ ሞቷል፣ ይቀየር" አሉኝ፤ ጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካውን ማለታቸው ነው። ኮዱ ፒ0171 ነበር። ትርጉሙ ቅይጡ ሳስቷል ማለት ነው፤ ለገባው አየር ነዳጁ አንሷል። ስለ ሴንሰሩ መሞት ኮዱ አንድም ቃል አላለም! ሴንሰሩ እንዲያውም ሥራውን እየሠራ ነበር፣ ቅይጡ መሳሳቱን የነገረን እሱ ነዋ። ሾላ በድፍን ዕቃ መቀየር ማለት ይሄ ነው።

ቤት ወስጄ ስካነሯን ሰካሁና ኮዱን ትቼ ቀጥታ ንባቡን ከፈትኩ። ፉዩል ትሪም የሚባል ቁጥር አለ። ኮምፒውተሩ ቅይጡን ለማስተካከል ምን ያህል ነዳጅ እየጨመረ ወይም እየቀነሰ እንደሆነ በመቶኛ ያሳያል። ዜሮ አካባቢ ሲሆን ጤና ነው። የኔ ሚኒሞ ላይ 22 ይላል። ነዳጅ ሰጥቼ 2500 ዙር ላይ ያዝኩት፣ ወደ 4 ወረደ። ለቀቅኩት፣ ተመልሶ 22።

ይህ ልዩነት ብዙ ይናገራል። ሚኒሞ ላይ የአየር መግቢያው ሊዘጋ ምንም አይቀረውም፣ ስለዚህ ሞተሩ በኃይል ይስባል። የሆነ ቦታ ስንጥቅ ካለ በዚያ በኩል ሳይለካ የሚገባው አየር ከጠቅላላው ትልቅ ድርሻ ይይዛል። ነዳጅ ስትሰጡት መግቢያው ይከፈታል፣ ስበቱ ይቀንሳል፣ ዋናው አየር በዝቶ በስንጥቁ የሚሾልከው ከቁጥር የማይገባ ይሆናል። ችግሩ የነዳጅ ፓምፕ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ብዙውን ጊዜ በተቃራኒው ነው፤ ዙር ሲጨምርና ጭነት ሲበዛ ይብሳል። ኮፈኑን ከፍቼ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ በእጄ ሄድኩባቸው። አየሩን ለሲሊንደሮቹ ከሚያከፋፍለው ማኒፎልድ ጀርባ፣ የእጅ ባትሪ አብርቼ እንኳ በቀላሉ የማይታይ ቦታ፣ ጣት የሚያክል የጎማ ቱቦ አለ። ዝም ብለው ሲያዩት ሙሉ ነው። መታጠፊያው ላይ ጠምዘዝ ሳደርገው ግን ከንፈር እንደሚከፈት ተከፈተ፣ በዚያው ቅጽበት የሞተሩ ድምፅ ተለወጠ። ቱቦውን ቀየርኩ። ቁጥሩ 3 ላይ ረጋ። ሴንሰሩ እስከ ዛሬ ያው የድሮው ነው።

ኮድ መነሻ ነው፣ ፍርድ አይደለም። ይህን ያልተረዳ ሰው ስካነር ቢኖረውም ያው ገንዘቡን ይጥላል። ለምሳሌ ፒ0302 ሁለተኛው ሲሊንደር በትክክል አይተኩስም ይላል፣ ለምን እንደሆነ ግን አይልም። እኔ ያደረግኩት የሁለተኛውን ኮይል (ለካንዴላው ብልጭታ ኃይል የሚሰጠውን) አውጥቼ ከአራተኛው ጋር ማለዋወጥ ነው። ኮዱ ወደ ፒ0304 ዞረ። ችግሩ ኮይሉን ተከትሎ ስለሄደ ጥፋተኛው ታወቀ፣ አንድ ኮይል ብቻ ገዛሁ።

የማልወዳቸው ነገሮችም አሉ። አንደኛ ገበያው በቅጂ የተሞላ ነው። የእነዚህ መሣሪያዎች አባት ኢኤልኤም 327 የተባለ ቺፕ ነው፣ የሠራውም ኢኤልኤም ኤሌክትሮኒክስ የተባለ የካናዳ ድርጅት ነበር፣ በ2022 ተዘግቷል። አሁን በርካሽ የምታገኙት በሙሉ ማለት ይቻላል ቅጂ ነው። መጀመሪያ የገዛኋት "ቨርሽን 2.1" ትል ነበር። ትበራለች፣ ከስልኩ ጋር ትገናኛለች፣ ከመኪናው ጋር ግን አትነጋገርም። በዚህ ቁጥር ከሚሸጡት ብዙዎቹ አንዳንድ ትእዛዞችን ቆርጠው የጣሉ ናቸው፣ ስለዚህ ትልቅ ቁጥር አዲስ ማለት መስሏችሁ እንዳትሸወዱ። የአሁኗ "1.5" የምትለው ናት፣ እስካሁን አላሳፈረችኝም። አይፎን የምትይዙ ደግሞ ተራውን ብሉቱዝ አትግዙ፣ አይገናኝላችሁም፣ ዋይፋይ ወይም ብሉቱዝ ሎው ኢነርጂ የሚል ይሁን።

ሁለተኛ፣ ሰክታችሁ አትርሷት። የሶኬቱ 16ኛ ቀዳዳ ሞተሩ ቢጠፋም ሁልጊዜ ከባትሪው ኃይል ያገኛል። እኔ ለሁለት ሳምንት ትቻት ሄጄ ስመለስ መኪናው አልነሳ አለኝ። አሁን ሥራዋን እንደጨረሰች እነቅላታለሁ። የባትሪውንም ነገር ራሷ ታሳያለች፤ ጤነኛ ባትሪ ሞተሩ ጠፍቶ ካረፈ በኋላ 12.6 ቮልት አካባቢ፣ ሞተሩ ሲሠራ ደግሞ ዲናሞው እየሞላ 14 አካባቢ ይላል።

ኮድ ለማጥፋትም አትቸኩሉ። ኮዱ በተመዘገበበት ቅጽበት የነበረው ፍጥነት፣ ሙቀትና ዙር አብሮ ይቀመጣል፣ ስታጠፉት ያ ሁሉ ይሄዳል። መጀመሪያ በስልካችሁ ስክሪኑን አንሱት። ኮዱ ሲጠፋ ኮምፒውተሩ ራሱን የሚፈትንባቸው ምርመራዎችም ወደ "አልተጠናቀቀም" ይመለሳሉ፣ እስኪሟሉም ቀናት ሊወስዱ ይችላሉ። ይህ ያገለገለ መኪና ለምትገዙ ትልቅ ነገር ነው። ዳሽቦርዱ ላይ አንድም መብራት የለም፣ ምርመራዎቹ ግን አብዛኞቹ አልተጠናቀቁም ካለ፣ ወይ ባትሪው በቅርቡ ተፈትቷል ወይ አንድ ሰው ትናንት ኮድ አጥፍቷል። ሻጩን ጠይቁት።

አቅሟ የት እንደሚያልቅ ደግሞ እወቁ። የኦቢዲ ደረጃ የወጣው በዋናነት ለሞተርና ለጭስ ጉዳይ ነው። ኤቢኤስን (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገውን) እና ኤርባግን ለማንበብ የየፋብሪካውን ቋንቋ የሚያውቅ ስካነር ያስፈልጋል (ኤርባጉን ሳያውቁ መንካት ራሱ ያስፈራኛል፣ አደገኛ ነው)። በአንዳንድ አዳዲስ መኪኖች ማንበብ እንጂ ማዘዝ የማይፈቅድ የደህንነት በር ገብቷል። መነሻው ይገባኛል፤ በ2015 ሁለት ተመራማሪዎች የምትሄድ ጂፕ ቼሮኪን ከሩቅ ሆነው ተቆጣጥረው አሳዩ፣ አምራቹ ኩባንያም 1.4 ሚሊዮን መኪና ለማስተካከያ መልሶ ጠራ። ሌባ እንዳይገባ በር መዝጋት ተገቢ ነው። ቁልፉ ባለቤቱ ጋ የማይኖርበት ምክንያት ግን አይገባኝም፣ እዚህ ላይ ከልቤ ነው የምናደደው። በማሳቹሴትስ መራጮች በ2020 መኪናው በአየር የሚልከውን የጥገና መረጃ ባለቤቱና የመረጠው ጋራዥ እንዲያገኙት በድምፅ ወስነዋል፣ አምራቾቹ ደግሞ ፍርድ ቤት ወሰዱት።

ታዲያ ልግዛ ወይ ካላችሁኝ፣ አዎ፣ ግዙ። መፍቻ ይዞ የማያውቅ ሰው እንኳ ጋራዥ ከመሄዱ በፊት ኮዱን ቢያውቅ "ለምን ይቀየራል?" ብሎ መጠየቅ ይችላል። ራሳችሁ የምትጠግኑ ከሆነ ደግሞ ከቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) እና ከጥሩ የእጅ ባትሪ ጋር አብራ ትቀመጥ።

እኔ አሁን የጎደለኝ አንድ ነገር ነው። የኋላ ፍሬን ሸራዬ 3 ሚሊ ሜትር ቀርቶታል፣ የእጅ ፍሬኑ በኤሌክትሪክ ሞተር የሚሠራ ስለሆነ ሸራውን የሚገፋውን የፍሬን ፒስተን ወደ ኋላ ከመመለስ በፊት ኮምፒውተሩ ወደ ጥገና ሁኔታ መግባት አለበት፣ ይህቺ መሣሪያ ደግሞ ያንን አታዝም። ለመኪናዬ ዓይነት ይህን የሚያደርግ ስካነር አዝዣለሁ። ሲደርስ ሸራውን በእሱ ቀይሬ እንዴት እንደሆነ እጽፋለሁ።