«በችግረኛ እናቶች እጅ የተሠራ» የተባለ ስጋጃ ስትገዙ ጀርባውን ገልብጡ

ደሴ ውስጥ ስጋጃ ለመግዛት ያሰባችሁ ሁሉ ይህን ሳታነቡ ገንዘብ አታውጡ። ሰሞኑን እናቴ ለእህቴ ሠርግ የሚሆን ስጋጃ ገዝታ ነበር። ሻጩ «በደቡብ ወሎ የለጋምቦ ወረዳ ችግረኛ እናቶች የበግ ፀጉር ፈትለው የሠሩት ነው፤ የዋጋው ግማሽ ለእነሱ ይገባል» አላት። «ፍትሐዊ ንግድ» የሚል፣ ማለትም ሠሪዎቹ ለድካማቸው ተገቢውን ክፍያ አግኝተዋል የሚል ካርቶንም ተንጠልጥሎበታል። እናቴ ከድሃ ጉሮሮ አልቀንስም ብላ የተጠየቀችውን ሳትከራከር ከፈለች።

ቤት አምጥተን ስንገለብጠው ጀርባው ላይ ጨርቅ በሙጫ ተለጥፎበታል። ዘርፉም በመኪና የተሰፋ ነው። በእጅ በተቋጠረ ወይም በተሸመነ ስጋጃ ላይ ዘርፉ የራሱ የድሩ ጫፍ ነው፤ ከሌላ ቦታ መጥቶ አይሰፋም። ከዳሩ አንድ ክር መዝዘን በክብሪት ለኮስነው። የበግ ፀጉር ቢሆን ኖሮ የተቃጠለ ፀጉር ይሸት ነበር፤ እሳቱ ሲርቅ ይጠፋል፣ አመዱም በጣት ሲነካ ይፈርሳል። ይህኛው ግን ፕላስቲክ ፕላስቲክ እየሸተተ ቀለጠ፤ ሲበርድም እንደ ዶቃ ድብልብል ብሎ ጠጠረ።

ተመልሰን «የትኛው ማኅበር ነው የሠራው? ለሠሪዎቹስ ስንት ተከፈለ?» ብለን ጠየቅነው። ሰውየው መልስ አልነበረውም። ደረሰኝ ስንለውም «ለበጎ አድራጎት ደረሰኝ አይቆረጥም» አለን። ይህ ፈጽሞ ሐሰት ነው፤ ዕቃ ሸጠልን እንጂ ምጽዋት አልተቀበለንም! ስለ ዕቃው ትክክለኛውን ማወቅም መብታችን ነበር፤ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል።

የዓለም ፍትሐዊ ንግድ ድርጅት 10 መርሆዎች አሉት። በእነዚህ መርሆዎች መሠረት የእጅ ሥራ የሚያዝ ገዢ፣ አምራቾቹ ሲጠይቁት ቢያንስ 50 በመቶውን ያለ ወለድ አስቀድሞ ይከፍላቸዋል። በዚህ መንገድ የሚሠራ ነጋዴ ለማን ስንት እንደከፈለ እንዴት ይጠፋዋል?

እኔን ያንገበገበኝ የገንዘቡ ነገር ብቻ አይደለም። በወሎ ደጋ በጉን ሸልተው፣ ፀጉሩን ባዝተው፣ በእንዝርት የሚፈትሉ እናቶች ዛሬም አሉ። ከዚያው ፀጉር ባና እና ዝተት የሚባሉ ወፍራም ብርድ ልብሶች የሚሠሩ ሸማኔዎችም አሉ። ፕላስቲኩ በስማቸው በተሸጠ ቁጥር የእነሱ እውነተኛ ሥራ ገዢ ያጣል።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት ገልብጡት፤ በእጅ የተቋጠረ ከሆነ ቋጠሮው ከጀርባ አንድ በአንድ መታየት አለበት። «የበግ ፀጉር፣ የእጅ ሥራ» ብሎ በደረሰኙ ላይ እንዲጽፍላችሁ ጠይቁ፤ እምቢ ካለ ትታችሁት ውጡ። እኛ ክሩንና ካርቶኑን ይዘን ለንግድ ጽሕፈት ቤት አመልክተናል። እንዲህ ያለ ስጋጃ የተሸጠላችሁም ካርቶኑን ሳትጥሉ አመልክቱ።