ባለጣት ጫማ ልትገዙ ከሆነ መጀመሪያ ሶሉን እዩ

ሰሞኑን ቴሌግራም ላይ ባለጣት ጫማ የማይሸጥ የለም። አምስቱም ጣት ለየብቻው የሚገባበት፣ እንደ ጓንት እግር ላይ ልክክ የሚለው ማለቴ ነው። «ኦሪጅናል የጣሊያን ዕቃ፣ አያንሸራትትም፣ አያልቅም» ይሏችኋል። እኔ የገዛሁት ክረምቱን እንኳን አልዘለቀም። ሻጩም የውሃ ሽታ ሆኗል።

መጀመሪያ የሄደው ስፌቱ ነው። በአውራ ጣትና በቀጣዩ ጣት መሀል ያለው ተተረተረ። ከዚያ ሶሉ ከጫፉ መላቀቅ ጀመረ። ማስቲሹ ደርቆ እንደ ቅርፊት ይረግፋል። ሊስትሮ ጋ ወሰድኩት። ልጁ አገላብጦ አየው፣ ወስፌውን በጣቶቹ መሀል ሊያስገባ ታገለና «ጋሼ፣ ይሄ እኮ መርፌ የሚዞርበት ቦታ የለውም» ብሎ መለሰልኝ። ይህን ልብ በሉ። ሌላ ጫማ ቢቀደድ ይሰፋል፣ ሶል ይቀየርለታል። ይሄኛው አንዴ ከተበጠሰ አለቀለት።

መሬት መያዙን በተመለከተ፣ ደረቅ አስፋልት ላይ ምንም አይልም። ዝናብ የነካው ኮብልስቶን ላይ ቁልቁል ስትወርዱ ግን እግዜር ይሁናችሁ። የታጠበ ሴራሚክ ላይማ እጄን ዘርግቼ ግድግዳ ስፈልግ ያየኝ የሕንፃው ጥበቃ እስካሁን ሲያገኘኝ ይስቃል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሶሉ ጎማ ይምሰል እንጂ ደረቅ ፕላስቲክ ነው። ጎማ ክብደት ሲያርፍበት እጥፍ ብሎ መሬቱን ይይዛል፤ ፕላስቲክ ውሃ ላይ ይንሸራተታል። ደግሞ ሶሉ ስስ ስለሆነ ጥርሱ ጥልቀት የለውም። ጭቃ ቶሎ ይሞላዋል።

እውነተኛው ቪብራም ፋይቭፊንገርስ የሚባለው ነው። ድርጅቱ ጣሊያናዊ ነው፣ ስሙን ያተረፈው በተራራ ጫማ የጎማ ሶል ነው። ቢጫ ባለስምንት ማዕዘን ምልክቱን አይታችሁ እንዳትታለሉ። ምልክት ማተም ቀላል ነው፤ የሚያስቸግረው ጎማውን መሥራት ነው። ኦሪጅናሉ ራሱም ተከሶ ያውቃል። እግር ያጠነክራል፣ ጉዳት ይቀንሳል በሚለው ማስታወቂያው የተነሳ አሜሪካ ውስጥ ገዢዎች ከሰውት፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ጥፋቱን ሳያምን 3.75 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። እንግዲህ የኛ ሰፈር ሻጭ «ሐኪም የሚያዘው ነው» ሲላችሁ ይህን አስታውሱት።

ሌላው የሚያበሳጨኝ የአበበ ቢቂላን ፎቶ መለጠፋቸው ነው። ቪብራም ራሱ «ቢኪላ» የሚል ሞዴል አውጥቶ ነበር። ቤተሰቡ እ.ኤ.አ. በ2015 አሜሪካ ውስጥ ከሰሰው፤ ክሱ ግን ዘግይቷል ተብሎ በ2016 ውድቅ ሆነ። አበበ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ፣ እውነት ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ያሸነፈው ግን ጫማ አድርጎ ነው። ያኛውን ፎቶ የለጠፈ ሻጭ እስካሁን አላየሁም።

አሁንም ካማራችሁ በአካል ሄዳችሁ ግዙ። ሶሉን በጥፍራችሁ ጫን በሉት። ጎማ ከሆነ ይሰረጉድና ይመለሳል፤ ፕላስቲክ ከሆነ ወይ ፍንክች አይልም ወይ ጭረቱ ይቀርበታል። ወለሉ ላይ ትንሽ ውሃ ጠብ አድርጋችሁ ጫማውን በእጃችሁ ተጭናችሁ ግፉት። እንደ ሳሙና ከሄደ ኪሳችሁን ዝጉ። ጣቶቹን ፈልቀቅ አድርጋችሁ የውስጥ ስፌቱንም እዩ። ሁለተኛ ጣታችሁ ከአውራ ጣታችሁ የሚረዝም ከሆነ ሳትለኩ በፍጹም አትግዙ፤ ጫፉን የሚበሳው እሱ ነው።

ደረሰኝ ጠይቁ። በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ ይቀየርልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ ማለት ይቻላል፤ ያለ ደረሰኝ ግን መግዛታችሁን ማስረዳት ራሱ ጣጣ ነው። «ቅድሚያ ብሩን ላኩ፣ በዲሊቨሪ እናደርሳለን» የሚላችሁን ደግሞ እዚያው ተዉት።