የዓይን ሞራ፦ ጠብታው ወይስ ቀዶ ጥገናው?

«ለእማዬ ሞራ ያሟሟል የሚባለውን ጠብታ ላስመጣላት ወይስ ትገፈፍ?» ጓደኞቼ ይህን መጠየቅ አልተዉም። ትገፈፍ! ለጠብታው የሚወጣው ብር ያንገበግበኛል።

እስቲ እናስላው። ፒያሳ አካባቢ በቴሌግራም የሚሸጥ ልጅ ለአጎቴ ባለ 5 ሚሊ ሊትሯን ጠርሙስ በ4,500 ብር ሸጠለት። 5 ሚሊ ሊትር ወደ 100 ጠብታ ይወጣዋል። ለሁለት ዓይን ጠዋትና ማታ ከሆነ በ25 ቀን አለቀ። ልጁ ደግሞ «ቢያንስ ስድስት ወር» ይላል። ሰባት ጠርሙስ ብቻ እንኳ 31,500 ብር! ጠርሙሷን አገላብጬ ሳያት የማብቂያው ቀን ላይ ሌላ ወረቀት ተለጥፎበታል። በጥፍሬ ስልጠው ጊዜው ያለፈ ቀን ብቅ አለ። የአምራቹ አድራሻ የሚባል ነገር የለም።

ጠብታ ሞራ ያሟሟል የሚለው ወሬ ግን ከባዶ አልተነሳም። የዓይን ሌንስ ጥርት ብሎ እንዲቆይ ኮሌስትሮል ያስፈልገዋል። ትሪፓራኖል የሚባል ኮሌስትሮል ቀናሽ መድኃኒት ሰዎችን ለዓይን ሞራ ዳርጎ በ1962 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ከገበያ ወጥቷል። በ2015 እ.ኤ.አ. ደግሞ ላኖስቴሮል የውሾችን ሞራ ቀነሰ የሚል ጥናት ኔቸር የሚባል የሳይንስ መጽሔት ላይ ወጣ። ላኖስቴሮል ሰውነታችን ኮሌስትሮል ሲሠራ መሀል ላይ የሚፈጠር ቅባት ነው። ሻጮቹ የማይነግሯችሁ፣ ውሾቹ ከጠብታው ሌላ ዓይናቸው ውስጥ መርፌም ተወግተዋል። በዚያው ዓመት ከሰው ዓይን በቀዶ ጥገና የወጣ ሞራ ላኖስቴሮል ውስጥ ተዘፍዝፎ ነበር፤ ንቅንቅ አላለም። የደም ኮሌስትሮል ኪኒንም ሞራ አይገፍፍም።

ቀዶ ጥገናው የደፈረሰውን የዓይን ሌንስ አውጥቶ በሰው ሠራሽ ሌንስ መተካት ነው፤ ሁለት መልክ አለው። በማሽን የሚሠራው ፌኮ ቀዳዳው ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሚታጠፍ ሌንስ ይገባበታል፤ ዋጋው ይወደዳል። በእጅ የሚሠራው ቀዳዳ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆንም አብዛኛውን ጊዜ ስፌት አያስፈልገውም። ብዙ ቆይቶ ለጠጠረ ሞራ ደግሞ እንዲያውም የሚመረጥበት ጊዜ አለ። አቅም ካነሰ በእጅ ማሠራት የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ እኔ ለራሴ እናት እሱን ነው ያስመረጥኩት። ከምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ክፍል ጀምሩ፤ የነጻ ዘመቻ ካለም ጠይቁ።

የግል ክሊኒክ ከሄዳችሁ «ስንት ነው?» ብላችሁ ብቻ አትውጡ። ሌንሱ፣ የዓይን ልኬቱ፣ ከኦፕራሲዮን በኋላ ያሉት ጠብታዎችና ቀጠሮዎች ዋጋው ውስጥ አሉ? በጽሑፍ ይስጧችሁ። ከሌንሱ ማሸጊያ ጋር ቁጥሩና ኃይሉ የተጻፈበት ተለጣፊ አለ፤ ካርዳችሁ ላይ አስለጥፉት።

ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ዕይታ እንደገና ቢደበዝዝ «ሞራው ተመለሰ» የሚል ሰው አይጠፋም። አልተመለሰም። ከሌንሱ ጀርባ ያለው ስስ ሽፋን ነው የሚደፈርሰው፤ በሌዘር ይከፈታል፣ ደቂቃዎች ቢፈጅ ነው። የሌዘሩንም ዋጋ አብራችሁ ጠይቁ።