የዶላር ካርዴና የሆቴል ዲፖዚት፦ ከወራት በኋላ የምለው

ካርዱ ደህና ነው። ይህን መጀመሪያ ልበልና ልገላገለው። ሱቅ ላይ ይሠራል፣ ኤቲኤም ላይ ይሠራል፣ ቺፑም አልተበላሸም። ከዚህ በኋላ የማወራው ግን ስለ ሆቴል ዲፖዚት፣ ማለትም ስለ ማስያዣው ነው። ካርዱን ካወጣሁት ወራት አልፈዋል፤ እስካሁን ኪሴ ውስጥ በነካሁት ቁጥር ደሜን የሚያፈላው እሱ ነው።

ደብረ ብርሃን ላይ የውሃ ፓምፕና የጄኔሬተር መለዋወጫ እሸጣለሁ። ደንበኞቼ አብዛኞቹ ከሸዋ ሮቢት አካባቢ ሽንኩርት በመስኖ የሚያለሙ ናቸው። በጥር ፓምፕ የቆመበት ገበሬ ነገ ና ሲሉት አይሰማም። ስለዚህ አልፎ አልፎ ዱባይ ብቅ እላለሁ። ድራገን ማርትን እዞራለሁ፣ ዴራ ገብቼ ዋጋ አወዳድራለሁ፣ ናሙና ይዤ እመለሳለሁ። ዋናው የዕቃ ክፍያ በባንክ በኩል ነው የሚሄደው። ካርዱ ለሆቴል፣ ለምግብ፣ ለታክሲና ለናሙና ነው። ማለትም ለእለት ጉሮሮ።

ለማያውቀው ሰው፣ ይህ እነ አሜሪካ ያለው ክሬዲት ካርድ አይደለም። ቅድመ ክፍያ የሚባለው ነው። ፓስፖርት፣ ቪዛና የአውሮፕላን ትኬት ይዘህ ባንክ ትሄዳለህ፣ በዕለቱ ምንዛሪ ብር ትከፍላለህ፣ ዶላር ይሞሉልሃል። የሞላኸው ሲያልቅ አለቀ። ብድር የለ፣ ወለድ የለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው ለገበያ ከመለቀቁ በፊት ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ መቶን ተሻገረ። ከዚያ ወዲህ ካርዴ ላይ ያለችው እያንዳንዷ ዶላር ስም አላት ማለት ይቻላል። የትኛዋ ለታክሲ፣ የትኛዋ ለምሳ እንደሆነች አውቃታለሁ።

ካርዱን የሸጠልኝ ልጅ አንደበተ ርቱዕ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ጠዋት ጋቢ ለብሰን በተሰለፍንበት ቅርንጫፍ፣ እሱ በሸሚዝ ብቻ ሆኖ ፈገግ እያለ ያስተናግዳል። «ጋሼ፣ ጥሬ ዶላር ይዞ መሳቀቅ ቀረ! ይቺን ይዘው ሆቴል ይገባሉ፣ ይቺን ይዘው ይበላሉ፣ ይቺን ይዘው ይገዛሉ።» እውነቱን ነው፣ ገባሁ፣ በላሁ፣ ገዛሁ። ሆቴል ስትገባ ምን እንደሚሆን ግን አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ዴራ ያረፍኩበት ሆቴል እንግዳ መቀበያው ላይ ያገሬ ልጅ አገኘሁ። ደስ አለኝ። ክፍሉን ከከፈልኩ በኋላ ካርዴን መልሳ ማሽኑ ውስጥ ከተተችው።

«ከፈልኩ እኮ እታለም» አልኳት።

«የክፍሉ ተከፍሏል ጋሼ። ይህ ዲፖዚት ነው። ዕቃ ቢሰበር፣ ከፍሪጅ የሚጠጣ ቢያነሱ ተብሎ ነው። አይቆረጥብዎትም፣ ይያዛል እንጂ። ሲወጡ እንለቀዋለን።»

የተያዘው ለአዳሮቹ ሁሉ በአንድ ላይ 800 ድርሃም ነበር። በዶላር 218 አካባቢ። በኛ ብር ሲመታ አንድ ትንሽ ፓምፕ መግዣ ነው።

በማግስቱ መለዋወጫ የምገዛበት ሱቅ ሄድኩ። ሻጩ ፓኪስታናዊ ነው፣ ዓመታት እንተዋወቃለን። ኢምፔለር፣ ሲል፣ ካርቡሬተር፣ ሁሉንም በካርቶን አሰናድቶ ጠበቀኝ። ካርዴን ሰጠሁት። ማሽኑ ጢጥ፣ ጢጥ አለና ወረቀት ተፋ። ዲክላይንድ፣ ማለትም ክፍያው አልተፈቀደም። መልሶ ሞከረ። ያው ነው። ከኋላዬ ሁለት ናይጄሪያውያን ተራ ይጠብቃሉ። ሰውየው ጨዋ ነው፣ «ኖ ፕሮብሌም ብራዘር» ብሎ ካርቶኑን ወደ ጥግ ገፋ አደረገልኝ። እኔ ግን ላብ በላብ ሆንኩ። በዕድሜዬ ገበያ መሐል ገንዘብ አጥሮኝ አያውቅም። ገንዘቡ ደግሞ አለ! የኔ ነው! ካርዱ ላይ ተቀምጧል፣ ግን አይነካም።

አሁን አሠራሩን በደንብ አውቀዋለሁ፤ ዕድሜ ለንዴት። ሆቴሉ በማሽኑ በኩል ለባንኬ «ይህን ያህል ያዝልኝ» ይለዋል። ባንኩ ይስማማና የፈቃድ ቁጥር ይልካል፣ ከምጠቀምበት ቀሪ ሂሳብ ላይም ያንን ያህል ይሸሽጋል። ገንዘቡ ሆቴሉ ጋር አልሄደም። እኔም ጋ የለም። መሐል ላይ ቆሟል። ስወጣ ሆቴሉ «ልቀቅ» የሚል መልእክት ይልካል። መልእክቱ በትክክል ከደረሰና ባንኩ ከፈቃድ ቁጥሩ ጋር ካገናኘው ይለቀቃል። ካልተገናኘ፣ ጊዜው እስኪያልፍ ተቀምጦ በራሱ ይወድቃል። የኔ አልተገናኘም። ሆቴሉ ለቅቄያለሁ ይላል፣ ባንኩ አልደረሰኝም ይላል፣ እኔ ደብረ ብርሃን ተቀምጬ አፑን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ።

ቅርንጫፉ ሄድኩ። «ጋሼ፣ የካርድ ቅሬታ ዋናው መሥሪያ ቤት ነው የሚታየው።» 130 ኪሎ ሜትር። ጫጫን፣ ሸኖን፣ አለልቱን፣ ሰንዳፋን አልፌ አዲስ አበባ ገባሁ። እዚያ ያለችው ልጅ ስክሪኗን አየችና «ሆቴሉ አልለቀቀውም» አለችኝ። ሆቴሉ በኢሜይል የላከልኝን ወረቀት አሳየኋት። «ይህ ደረሰኝ ነው እንጂ ፈቃዱ የተሰረዘበት ወረቀት አይደለም። የፈቃድ ቁጥሩ ያለበትን ያምጡ።» ከየት ነው የማመጣው? ዱባይ ልመለስ? ገንዘቡ በመጨረሻ የተለቀቀው ማንም ሳይለቀው ነው። ቀኑ አልፎ ወደቀ። ማን እንደረዳኝ ሳላውቅ ማንን ላመስግን?

የቢራ ጠርሙስ ማስያዣ የማያውቅ ሰው እኛ ከተማ የለም። ጠርሙሱን ስትመልስ ብርህን እዚያው ትቀበላለህ። ባለሱቁ «አልደረሰኝም፣ ፋብሪካውን ጠይቅ» አይልህም።

የካርድ ሻጩ ልጅ እዚህ ጋ ምን እንደሚል አውቃለሁ። «ጋሼ፣ ይህ በሁሉም ካርድ ላይ ያለ ነው፤ የዓለም አሠራር ነው።» ልክ ነህ ወንድሜ፣ ግን ግማሹን ነው የነገርከኝ። ቨርጂኒያ ያለችው እህቴ ሆቴል ስትገባ የሚያዝባት ከባንኩ የብድር ጣሪያ ላይ ነው። ጣሪያዋ ትንሽ ዝቅ ይላል፣ የራሷ ገንዘብ ግን አካውንቷ ውስጥ እንዳለ ነው፤ ወተትና ዳቦዋን ትገዛለች። የኔ ካርድ ጣሪያ የለውም። የሚያዘው የምበላበት ነው። «አንተም ክሬዲት ካርድ አውጣ እንጂ» ትለኛለች፣ ሱፐርማርኬት ሄዶ እንደመግዛት አድርጋ። እኔ የጠየቅኩባቸው ቅርንጫፎች ሁሉ ያላቸው ይኸው የሚሞላው ነው።

«መጠየቅ ነበረብዎት» ይለኛል ደግሞ። የማላውቀውን ነገር ምን ብዬ ልጠይቅ? ሻጭ አንተ ነህ። እኔ ፓምፕ ስሸጥ ዘይት ሳትጨምር እንዳታስነሳው ብዬ ነው የምሸጠው። ገበሬው እስኪጠይቀኝ አልጠብቅም።

ሌላው ሌላው ደህና ነው አልኩ አይደል? አንድ ነገር ላይ እንዲያውም ካርዱ ክሶኛል። አንዳንድ ሱቅ ማሽኑ «በድርሃም ነው በዶላር የምትከፍለው?» ብሎ ይጠይቃል። የዶላር ካርድ የያዘ ሰው እጁ ወደ ዶላር ይሄዳል፣ ተፈጥሮ ነው። እንዳትነካው! ድርሃም ከ1997 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ በ1 ዶላር 3.67 ላይ ተቸንክሯል። ስለዚህ ሒሳቡ ቀላል ነው፤ 367 ድርሃም ማለት 100 ዶላር ነው። ማሽኑ ግን በዶላር ሲያስበው 104 ብሎ ያሳየኝ ጊዜ አለ። አራቷ ዶላር ለሱቁና ማሽኑን ላቀረበው ድርጅት ነች። ባንኬም ለምንዛሪው የራሱን ይቆርጣል፣ አልክድም፤ ቢሆንም ደጋግሜ ሳሰላው ያዋጣኝ በድርሃም መክፈል ነው። ሻጩ ፈጥኖ ራሱ ሊጫንልህ ይችላል፣ ማሽኑን ወደራስህ አዙር።

ኤቲኤም ላይ ግን እዚያ ያለው ባንክም ይቆርጣል፣ የራሴም ይቆርጣል። ሁለት ጅብ ባንድ በሬ ላይ። ስለዚህ ጥቂት ጥቂት እያሉ ማውጣት አያዋጣም፤ አንዴ ይወጣና ያበቃል። በኢንተርኔት ለሚከፈል ነገር ደግሞ ማረጋገጫ ኮዱ የሚመጣው ኢትዮጵያ ወዳወጣኸው ስልክ ቁጥር ነው። ሮሚንግ ሳያስከፍት የሄደ ሰው ኮዱን ቦሌ ሲመለስ ያነበዋል።

እንግዲህ ወደ ውጭ ስሄድ የትኛውን ካርድ ልያዝ የሚለኝ ሰው ስለበዛ የማደርገውን ልናገር። የብር ኤቲኤም ካርዴን ቤት ትቼው እሄዳለሁ፣ እዚያ ምንም አይሠራልኝም፣ ቢጠፋ ግን ራስ ምታት ነው። የዶላር ካርድ ሁለት ነው የምይዘው፤ አንዱ ቪዛ፣ ሌላው ማስተርካርድ፣ ከሁለት የተለያዩ ባንኮች። አንዱ መረብ ሲያንቀላፋ ሌላው ይነቃል። ሁለቱን አንድ ቦርሳ ውስጥ አላደርግም። ቻይና ጓንዡ የሚመላለስ አማቼ ግን ያለ ዩኒየንፔይ፣ ያለ ቻይናዎቹ ካርድ፣ አይንቀሳቀስም፤ አሁን አሁን ቻይና ውስጥ ቪዛና ማስተርካርድም አሊፔይ የሚባለው የስልክ መክፈያ ላይ ማያያዝ ስለሚቻል ያንንም ለምዶታል። አሜሪካን ኤክስፕረስ የያዘ ሰው ደግሞ ዴራ ያሉ ትንንሽ ሱቆች ገብቶ ይሞክር፣ ባለሱቁ ኮሚሽኑን አስቦ ፊቱን ሲያዞር ያያል።

ስም የሌለበት ካርድም አትቀበሉ። ባንኮች ወዲያው የሚሰጡት፣ ስም ያልታተመበት አይነት አለ። ሱቅ ላይ ግድ የለም፣ ሆቴል ላይ ግን ካርዱና ፓስፖርቱ ላይ ያለው ስም አንድ ካልሆነ ጣጣ ነው። የኔ ካርድ የአያቴን ስም ቆርጦታል፤ ቦታ አልበቃውም መሰለኝ። እንግዳ መቀበያው ላይ የአያቴን ስም ማስረዳት የጀመርኩበት ቀን ነበር።

ዲፖዚቱ ግን በካርድ አይሆንም። ከዚያ ወዲህ ሆቴል ከመያዜ በፊት ጥያቄዬ አንድ ነው፤ ዲፖዚት በጥሬ ትቀበላላችሁ? ዴራ ውስጥ የሚቀበሉ አሉ። ድርሃሙን ቆጥሬ እሰጣለሁ፣ ደረሰኝ እቀበላለሁ፣ ስወጣ ቆጥሬ እወስዳለሁ። የቱሪዝም ድርሃም የምትባል ክፍያም አለች፤ እንደ ሆቴሉ ኮከብ በአንድ ክፍል ለአንድ አዳር ከ7 እስከ 20 ድርሃም። እሷንም አብሬ በጥሬ እጨርሳታለሁ፣ ካርዴን መልሰው ማሽን ውስጥ የሚከቱበት ምክንያት እንዳያገኙ። በጥሬ አንቀበልም ካሉኝና ሌላ ሆቴል ካጣሁ፣ አነስተኛ ገንዘብ ያለበትን ሁለተኛውን ካርድ አወጣለሁ። ስወጣም ዲፖዚቱ የተሰረዘበትን፣ የፈቃድ ቁጥሩ ያለበትን ወረቀት ሳይሰጡኝ ሻንጣዬን አላነሳም። ታክሲው ቢጮህም ይጩህ።

ታዲያ ጥሬ ገንዘብ ይዘህ የምትዞር ከሆነ ካርዱ ምን ሊሠራልህ ነው ይለኛል ያ ልጅ፣ በሐሳቤ። ጥያቄው ክፉ አይደለም። ለቀረው ነገር ይሠራልኛል። ጥሬ ዶላር ከጠፋ ጠፋ ነው፣ ካርዱን ግን ደውዬ አስዘጋዋለሁ። ናሙናውን፣ ምሳውን፣ ታክሲውን እሱ ይችላል። ስለዚህ አልመለስኩትም፣ ጊዜው ሲያልቅም አሳድሰዋለሁ። ሞቅ ያለ ምስጋና ግን ከኔ አይጠብቅ፤ ያችን ካርቶን ጥግ ላይ ትቼ የወጣሁበት ቀን ገና አልወጣልኝም።

ሰሞኑን አንድ የሸዋ ሮቢት ነጋዴ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ዱባይ የሚሄድ፣ ካርዱን ላውጣ ወይ ብሎ ሱቄ መጣ። አውጣው አልኩት። ቅርንጫፉን ነገርኩት፣ ልጁንም ነገርኩት። ፎርሙን ከመፈረምህ በፊት «ሆቴል ዲፖዚት ቢይዝብኝ በስንት ቀን ትለቁልኛላችሁ፣ ሸዋ ሮቢት ሆኜስ ለማን ነው የምደውለው?» ብለህ ጠይቀው፣ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበል አልኩት።